ሕማማት ሲያልቅ ይስማታል

እናቴ ሁለት ጊዜ ተጠመቀች። መጀመሪያ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ደሴ፣ ቀጥሎ ትልቅ ሴት ሆና ዋይሊ፣ ቴክሳስ፣ በሰው ጓሮ ፑል ውስጥ። የተበላሸው ነገር ይኸው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ እሷን የጠየቃት የለም፤ በሁለተኛው ጊዜ እሷ ማንንም አልጠየቀችም። አባቴ እስከ ዛሬ ጥምቀት ብሎ የሚቀበለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱም አልገባኝም። ሰው ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ ልጅ ሁሉን ያውቃል፣ ልጅ መልአክ ነው ምናምን ይላል። ውሸት ነው። ልጅ ያየውን ነገር በትክክል ያያል፤ ከዚያ ተነሥቶ የማይሆን ነገር ይደመድማል። እኔ የደመደምኩት እናቴ ሞታለች ብዬ ነው።

ሆሳዕና ነበር። ጠዋት ከእናትና አባቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ዋልን። ቤተ ክርስቲያናችን ጋርላንድ ውስጥ ድሮ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ አዳራሽ ነው፤ ከመንገድ ሲያዩት አሁንም ምንጣፍ የሚሸጥበት ይመስላል። ዘንባባ ታደለ። አባቴ አንዱን ቅጠል ሰንጥቆ ቀለበት ሠራልኝ፤ ሌላውን ግንባሬ ላይ አሰረልኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ደግሞ የሳምንቱን ነገር አስረዳችን፦ ጌታ ዛሬ በአህያ ተቀምጦ ኢየሩሳሌም ገባ፣ ዓርብ ይሰቀላል፣ እሑድ ይነሣል። እኔ ይህ ሁሉ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። አህያው የሆነ ቦታ፣ ምናልባት ፎርት ዎርዝ አካባቢ፣ አሁን እየሄደ ነው ብዬ አምን ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ወደ ሥራው ሄደ። ኤርፖርት ታክሲ ነበር የሚነዳው፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ዋናው ሥራ ያለበት ሰዓት ነው። እሱ መንገዱን እንደያዘ እናቴ መኪናዋን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረች።

"ሰርካዲስ ቤት ፓርቲ አለ" አለችኝ።

ሰርካዲስ እናቴ በምትሠራበት መጋዘን አብራት ዕቃ የምታሽግ ሴት ነበረች። ጴንጤ ናት። ባሏ ፍሪስኮ ጥሩ የኮምፒውተር ሥራ ነበረው፤ ዋይሊ ላይ ገና ሣሩ ያልያዘ አዲስ ቤት ገዝተው ነበር። በሩን ከፍታ፣ "ሃፒ ኢስተር! ጌታ ተነሥቷል!" ብላ አቀፈችን።

ቀለበቴን አየሁ። ጠዋት አህያ ላይ ነበር እኮ።

"ኢስተር ዛሬ አይደለም" አልኳት። "ዛሬ ሆሳዕና ነው። ገና አልተሰቀለም።"

ሳሎን የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። "ወሰንየለሽ፣ ይቺ ልጅሽ ጠበቃ ነው የምትሆነው!" አለች ሰርካዲስ። አልሆንኩም። ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያቀረብኩት ክርክር መልስ እንዳላገኘ ነው የሚሰማኝ። የፈረንጆቹ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከእኛ በአንድ ሳምንት ይቀድም ነበር፤ ይህን ማስረዳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያስረዳኝ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሁለት ጌቶች አሉ፣ አንዱ ይቸኩላል ብዬ ደመደምኩ።

ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዶሮ ነበር። በሁዳዴ! እናቴን ሰርቄ አየኋት፤ ሳህኗ ላይ ሰላጣ ብቻ ነው ያለው። ያን ሳምንት ሙሉ፣ እስከ አባቴ ፋሲካ ድረስ፣ ፆሟን አልፈታችም። ለምን እንደሆነ ባለፈው ዓመት ጠይቄያት ነበር። "ልምድ" አለችኝና ስልኳን ማየቷን ቀጠለች።

ልጆቹ ጓሮ የፕላስቲክ እንቁላል እየለቀሙ ነበር። እኔም ስለቅም ቆየሁ። ውስጡ ያለው ከረሜላ የፆም ይሁን አይሁን የምጠይቀው ሰው ፍለጋ ቀና ስል ሰዉ ሁሉ ፑሉን ከቧል። ነፋስ ነበር፤ ብርድ ነበር። ፓስተር እንግዳ የሚባል ረጅም ሰውዬ ከነሸሚዙ ከነሱሪው ውሃ ውስጥ እስከ ደረቱ ቆሟል። እናቴ ከቤት ወጣች። አይቼው የማላውቀው ሰፊ ነጭ ልብስ ለብሳለች፤ ፀጉሯ ተፈትቷል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን አናቷ ላይ አድርጋ የነበረችው ሴት፣ ከሰዓት ሰው ፊት ፀጉሯን ለቃ፣ ባዶ እግሯን ደረጃውን ወርዳ ውሃ ውስጥ ገባች። ሰውዬው አንድ እጁን ጀርባዋ ላይ፣ አንዱን አፍንጫዋ ላይ አደረገ። የሆነ ነገር ተናገረ። ከዚያ ወደ ኋላ ገፍትሮ ውሃ ውስጥ ከተታት።

ውሃው ፊቷ ላይ ተዘጋ። ልብሷ ብቻ ተንሳፍፎ ቀረ።

ጮህኩ። ስፈራ አፌ ላይ የሚመጣው እንግሊዝኛ ነው፤ "እናቴን እየገደላት ነው!" እያልኩ በእንግሊዝኛ ጮህኩ፤ አንድ አሜሪካዊ ጎረቤት ከአጥሩ በላይ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። ሰርካዲስ በአንድ እጇ እኔን ይዛ በሌላው ታውለበልብለታለች፦ "ባፕቲዝም! ባፕቲዝም! ኢትስ ኦኬ!" ጎረቤቱ አውራ ጣቱን አሳይቶ ወረደ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ውሻው ግን መጮኹን አላቆመም፤ ከእኔ ጋር የተስማማ እሱ ብቻ ነበር።

እናቴ ወጣች። እልል ተባለ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሁለቱንም በአንድ ፊት። ሮጬ ሄድኩ።

"ማሚ፣ ሞተሽ ነበር?"

ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው። "አዎ የኔ ልጅ" አለችኝ። "ሞቼ ተነሣሁ። አሮጌዋ እናትሽ እዚያ ውስጥ ቀረች።" በአገጯ ወደ ፑሉ አመለከተችኝ።

አየሁ። ታች፣ ሰማያዊው ወለል ላይ፣ አንድ የፀጉር ማስያዣ ተኝቷል። ሌላ ምንም የለም።

እናቴ ያለችው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለ ነገር እንደሆነ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በማይመለከተኝ ኮርስ ውስጥ ነው፤ የሚጠመቅ ሰው ከክርስቶስ ጋር ይቀበራል፣ ከእሱ ጋር ይነሣል። ክፍል ውስጥ ደርቄ ቀረሁ። ለሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሳይብራራ አይነገርም። አሮጌዋን እናቴን እኮ እወዳት ነበር።

ማታ አባቴ መጣ። ሽሮ ቀረበለት። አንድ ሁለቴ እንደጎረሰ እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ግዛቸው፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።"

"ምነው፣ ከሥራ አስወጡሽ?"

"ጌታን ተቀብያለሁ። ዛሬ ተጠመቅኩ።"

አባቴ ሳቀ። ከዚያ ገና ያልደረቀ ፀጉሯን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ሄደ።

"አንቺ እኮ ተጠምቀሻል።"

"ሕፃን ሆኜ።"

"እና?"

"አላስታውሰውም ግዛቸው።"

"መወለድሽንስ ታስታውሺዋለሽ?"

እናቴ ጠረጴዛውን በጣቷ ጠረገች። ዛሬም ሳስበው የአባቴ መልስ ጥሩ ነበር። አባቴ ያን ያህል ጥሩ መልስ ባይኖረው ኖሮ ምናልባት ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር።

"ድኛለሁ እያልኩህ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"ከምን? ከእኔ?"

"ከሞት።"

እኔ ሶፋው ላይ ሥዕል እየቀባሁ ነበር። ቀለሙ ከእጄ ወደቀ። ይኸው፣ ራሷ ተናገረች።

አባቴ ተነሣ። እጁን ታጠበ፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። የተናደደው በዚያ ረጅም ሰውዬ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሚስቱን ውሃ ውስጥ የደፈቀበትን ሰው ሄዶ በቡጢ እስኪለው ነበር የምጠብቀው። የዋይሊን መንገድ አስታውሳለሁ፣ አሳየዋለሁ ብዬ ጫማዬን አልጋዬ አጠገብ አስቀምጬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ያየሁት ነገር ይህ ነው። አባቴ ሁልጊዜ ለሥራ ሲወጣ እናቴ ሻዩን ቴርሞስ ውስጥ ትሞላለታለች፣ እሱ ይቀበላትና ጉንጯን ይስማታል። ድምፅ ያለው መሳም ነው፤ እኔን የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነበር። ያን ዕለት ቴርሞሱን ተቀበለ፣ አለፈ።

"ባቢ፣ ማሚን ረሳሃት!"

በሩ ጋ ቆመ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ኩባያ ታጥባለች።

"ሕማማት ነው" አለኝ። "በሕማማት አይሳሳሙም። ይሁዳ ጌታን የሸጠው በመሳም ነው። ስለዚህ እስከ ፋሲካ ማንም ማንንም አይስምም፣ እጅም አይጨባበጥም።"

"እኔንስ?"

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝና ወጣ።

አባቴ አልዋሸም። ሥርዓቱ እንዲያ ነው፤ አሁንም እንዲያ ነው። እኔ የማላውቀው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሥርዓቱን ረስቶ ይስማትና ሁለቱም "ውይ!" ብለው ይሳሳቁ እንደነበር ነው። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ስትነግረኝ መኪና እየነዳች ነበር፤ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም። በዚያ ዓመት ግን አልረሳም። ሕማማት ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥርዓት አዋቂ ሆነ።

ለእኔ ግን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። እናቴ ሞታለች። የሞተ ሰው አይሳምም። እሑድ ፋሲካ ይሆናል፣ ጌታ ይነሣል፣ እናቴም የምር ትነሣለች፣ አባቴም ይስማታል። እስከዚያ የእኔ ሥራ እናቴን መጠበቅ ነው፤ እንዳትጠፋ።

ጠበቅኳት። ከሥራ ስትመጣ እጇን እነካለሁ፤ ይቀዘቅዛል። ሥራዋ የበረዶ ምግብ የሚታሸግበት ክፍል መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ከዚያ ሰኞ በፊት እንደዚህ ይቀዘቅዝ ነበር? አላስታውስም። ሽንት ቤት ስትገባ ከበሩ ውጭ ቁጭ እላለሁ። ሶፋው ላይ ጋደም ስትል ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ አደርጋለሁ።

"ምን እየሰማሽ ነው?"

"ልብሽን።"

"እና?"

"ይመታል። ግን ቀስ ይላል።"

"ደክሞኝ ነዋ፣ የኔ ዶክተር" አለች። አልሳቅኩም።

ረቡዕ አባቴ ከትምህርት ቤት ሲወስደኝ በታክሲው ስፒከር ከቀሲስ ገብረ ሥላሴ ጋር ያወራ ነበር። ቀሲስ ገብረ ሥላሴ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ በሳምንቱ ቀናት ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በጋሪ የሚያመላልሱ፣ ድምፃቸው ሁልጊዜ ትንሽ ያለከለከ ሽማግሌ።

"ምን ላድርግ አባ?"

"በዚህ ሳምንት ምንም አታደርግም። ፍትሐት የለም። ፋሲካ ይለፍና ፈቃዷ ከሆነ ቄደር ይደረግላታል።"

"ፈቃዷ ካልሆነስ?"

በስልኩ ውስጥ የጋሪው ጎማ ሲንኳኳ ተሰማ። ከዚያ፣ "ግዛቸው፣ ሴትዮዋ ቤትህ ውስጥ አይደለችም እንዴ?"

"አለች።"

"ታዲያ ምን ጠፋብህ?"

አባቴ ስልኩን ዘጋ። እኔ ቄደር የሚባለው ነገር ፋርማሲ የሚሸጥ መድኃኒት መሰለኝ። ከሃይማኖቱ ወጥቶ ለሚመለስ ሰው የሚደረግ ጸሎት ነው፤ ውሃ ተባርኮ ይረጭበታል። እኔ ግን ለሞተ ሰው መድኃኒት መኖሩን ሰምቼ እፎይ አልኩ፤ ቀሪውን መንገድ መስኮቱ ላይ እየተነፈስኩ በጣቴ ፀሐይ ስሥል ሄድኩ።

ዓርብ ስቅለት ነው። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እናቴ ሺፍት ነበራት፤ አባቴ ይዞኝ ሄደ። አዳራሹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ሰዉ ሁሉ ባዶ እግሩን ይቆማል፣ ይንበረከካል፣ ግንባሩን መሬት ያስነካል፣ ይነሣል፤ እንደገና። እስከ ከሰዓት ድረስ። የላብና የምንጣፍ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። እኔም ትንሽ ሰገድኩ፤ ከዚያ ደክሞኝ ግድግዳ ተደግፌ አባቴን ሳየው ዋልኩ።

መጨረሻ ላይ ሰዉ ተሰለፈ። ቀሲስ ገብረ ሥላሴ የወይራ ቅጠል ይዘው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ሰው መጥቶ ጎንበስ ይላል፣ እሳቸው ጀርባውን ጠብ ጠብ ያደርጉትና ስንት እንደሚሰግድ ይነግሩታል። የአባቴ ተራ ደረሰ። ጎንበስ አለ። ሰው አባቴን ሲመታው አይቼ አላውቅም ነበር፤ እንባዬ መጣ። ቀሲስ መትተው ቁጥሩን ነገሩት። አባቴ አልተነሣም።

"ይጨምሩልኝ አባ።"

"ይበቃሃል።"

"የእሷን ጭምር ይጨምሩልኝ።"

ቀሲስ ወይራውን ጀርባው ላይ፣ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው፣ አሳርፈው አነሡት። ቁጥር አልነገሩትም።

አባቴ ጥግ ሄዶ መስገድ ጀመረ። ሰዉ ሄደ፤ ወንበር ይሰበሰብ ጀመር፤ አንዲት ሴት ለእኔ ሙዝ ሰጠችኝ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ አከርካሪው ይታይ ነበር። እሱ አሁንም ይነሣል፣ ይወድቃል። እኔ ያን ሰውዬ ሄዶ ስላልመታው የተቀጣ መስሎኝ ነበር። ፍርዱ ልክ ነው ብዬም ነበር።

ይህን ለማንም ስናገር ሰዎች ወዲያው ወገን ይመርጣሉ። አንዳንዱ እናትሽ ትክክል ናት ይላል፣ አንዳንዱ አባትሽ ያሳዝናል ይላል። እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው፤ አባቴ ለእናቴ ሲል ጉልበቱ እስኪላጥ ሰግዷል። አይወዳትም ነበር የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልሰማውም።

ቅዳሜ እናቴ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ ዋለች። ስልኩ ትከሻዋና ጆሮዋ መካከል ተሰክቷል፤ ሰርካዲስ ናት፤ ድምፅዋ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

"አንቺ ሴትዮ፣ አሁን ለምንድን ነው የምትለፊው? ነፃ ወጥተሻል እኮ!"

"ነፃ የወጣ ሰው ዶሮ አይሠራም ያለው ማነው?" አለች እናቴ። "ባሌ ሁዳዴን ሙሉ ፆሟል። በምን ይፍታ፣ በስብከት?"

ሰርካዲስ ሳቀች። እናቴም ሳቀች። ዶሮውን እኔን አስቀመሰችኝ፤ ጨው ልኩ መሆኑን የነገርኳት እኔ ነኝ።

ሌሊቱን አላስታውሰውም፤ ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ላይ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ጠዋት ነው፣ አልጋዬ ውስጥ ነኝ፣ ቤቱ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። ዘልዬ ወጣሁ። አባቴ ለሰዓታት ከመቆም የተነሣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። እናቴም የሀበሻ ቀሚስ ለብሳለች። ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም፤ ግን ለብሳለች። እጇን ሮጬ ነካሁት። ይሞቃል! ከምድጃው ነው የመጣችው፤ ይህን ማሰብ አልፈለግኩም።

በሩ ተንኳኳ። ቀሲስ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ በዚያ በሚያለከልክ ድምፃቸው፣

"ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!" አሉ።

"በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!" አለ አባቴ እየተነሣ።

"አሠሮ ለሰይጣን!"

"አግዐዞ ለአዳም።" ይህ የእናቴ ድምፅ ነው። ከወጥ ቤቱ መግቢያ፣ ጭልፋ እንደያዘች። አባቴ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው።

ቀሲስ ወደ እሷ ዞሩ። "ሰላም!"

"እምይእዜሰ።"

"ኮነ!"

"ፍሥሐ ወሰላም" አለች እናቴ፤ አንዲት ቃል ሳትስት። ደሴ ልጅ ሆና የተማረችው ነው። ግእዙ ለእኔ አልገባኝም ነበር፤ ዜማው ግን የደስታ ነው። ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነፃ አወጣው፣ ከእንግዲህ ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው።

ቀሲስ መስቀላቸውን አወጡ። አባቴ ተሳለመ፤ እኔ ተሳለምኩ። እናቴ ጋ ሲደርሱ እናቴ ደርቃ ቆመች፤ ጭልፋው ከእጇ ላይ ወጥ እያንጠባጠበ ነበር። እሳቸው መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱና ባዶ እጃቸውን ዘረጉላት። "እንኳን አደረሰሽ ልጄ።" እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችው።

አባቴ አነሣኝ፤ ሁለት ጉንጬን ሳመኝ፤ ደግሞ ሳመኝ። ጢሙ ወጋኝ። አወረደኝ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

ጠበቅኩ። ወንበር ሳበ።

"ባቢ!" አልኩ። "ሕማማት አለቀ እኮ! አሁን ይቻላል!"

እጁን ይዤ ጎተትኩት፤ መጣ፤ ትልቅ ሰው በልጅ ሲጎተት ክብደት የለውም። እናቴ ፊት አቆምኩት።

እናቴ ጭልፋውን አስቀመጠች። "እንኳን አደረሰህ ግዛቸው" አለችና ጉንጯን ሰጠችው።

አባቴ ጉንጯን አየው። አልቀረበም።

"አባ እዚሁ ናቸው" አለ። "ሕማማትም አልቋል። መጀመሪያ አንዲት ቃል በይ። ቄደሩን እቀበላለሁ በይ።"

"እና ከዚያ ትስመኛለህ?"

"ከዚያ እስምሻለሁ። ወላሂ... በእግዚአብሔር ስም እስምሻለሁ።" ኤርፖርት ከሶማሌ ሹፌሮች ጋር ሲውል የለመደው መሐላ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ሁላችንም እንስቅ ነበር።

እናቴ ጉንጯን መለሰች። ፊት ለፊት አየችው።

"እሱ ሲያድነኝ 'መጀመሪያ' አላለኝም" አለች።

አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ቀሲስ ዞረ። "አባ፣ ይንገሯት።"

"ምን ብዬ?"

"ልክ እንዳልሆነች።"

"ስለ ጥምቀቱ ልክ አይደለችም። እነግራታለሁ፤ ገና ብዙ እንከራከራለን።" ቀሲስ ግድግዳውን ይዘው አንድ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ፤ ተዉት። "ግን አሁን ምን ነበር ያልነው ግዛቸው? አዳምን ነፃ አወጣው አልን። አዳም የት ሆኖ ነው ነፃ የወጣው? ሲኦል ሆኖ ነው። ወርዶ አወጣው እንጂ መጀመሪያ ውጣና ና አላለውም። በዚህስ ልክ ናት። ሳማት።"

አባቴ ጎንበስ አለ።

አየሁት፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። አንገቱ ወረደ፣ ጢሙ ጉንጯ ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀረው፣ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እዚያ ቆመ። ዓርብ ዕለት ስንት ጊዜ ከዚያ ዝቅ ሲል ያየሁት አንገት፣ እዚያ ሲደርስ የቆመው ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ትልቅ ሰው ሆኜ አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ወሬውን ወደ መኪናዬ ዘይት ለወጠው።

ቀና አለ።

"አልችልም" አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም።

ሳህኖቹ ተደርድረዋል፤ ዶሮው ይጨሳል። አባቴ በጠረጴዛው በኩል ዞሮ አለፈ። ቀሲስ ክንዱን ሊይዙት እጃቸውን ሰደዱ፣ ነጠላው ብቻ እጃቸው ላይ ቀረ። እናቴ አልጠራችውም። እኔ እንደ ሳምንቱ ልማዴ የእሷን ቀሚስ ጨምድጄ ይዤ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ እንዳትጠፋ የጠበቅኩት እሷን ነው። የሚጠፋው እሱ ነው፣ ወደ እሱ እዪ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጫማውን ሳያስር አጠለቀ። አልጮኸም፣ አልገፈተረም። ወጣና፣ ሕፃን የተኛበት ቤት በር እንደሚዘጋ፣ ቀስ አድርጎ ከውጭ ዘጋው።